ሩድ ስለሚባለው የእንግሊዝ ቃል

አናጢ ከዱር የቈረጠውን ግንድ ገና ወደ ደጁ ሲያመጣው፥ ቅርፊቱ አልተላጠም፤ ጕጡም አልተስተካከለም፤ መጥረቢያና መላጊያም አላለፈበትም። እንዲህ ያለውን እንጨት፥ ያልተወቀረውንም ድንጋይ፥ ያልተፈተለውንም የበግ ጠጕር የጥንት ሮማውያን በላቲን ቋንቋቸው ሩዲስ ይሉት ነበር። ሩዲስ ማለት የሰው እጅ ያልሠራው፥ ገና ጥሬ የሆነ ነገር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ከእንጨትና ከድንጋይ ወደ ሰው ተሻገረ። ጦርነት አይቶ የማያውቅ አዲስ ወታደር፥ ሥራውን ያልለመደ ሠራተኛ፥ ትምህርት ያልጀመረ ልጅ ሁሉ ሩዲስ ተባለ። በዚህ አጠራር ስድብ የለበትም። ግንድ ስላልተጠረበ ማን ይቈጣዋል? ጠራቢው ገና አልደረሰበትም እንጂ የግንዱ ጥፋት አይደለም።

ልጆች ሆይ፤ ከዚሁ ከሩዲስ ሌሎች ሁለት ቃላት እንደ ተወለዱ ዕወቁ። አንደኛው ሩዲመንት ነው፤ የትምህርት መጀመሪያ ማለት ነው። በጣታችሁ እየጠቈማችሁ ሀ ሁ ሂ የምትሉት ፊደል፥ በጠጠር የምትቈጥሩትም ቍጥር የእናንተ ሩዲመንት ነው። ሁለተኛው ኤሩዳይት ነው፤ ብዙ የተማረ ሊቅ ማለት ነው። ቃሉ ሲፈታ ከጥሬነት የወጣ፥ ተጠርቦ ያለቀ እንደ ማለት ይሆናል። እንግዲህ ጀማሪውም፥ ሊቁም፥ ምግባር የጐደለውም ሰው በእንግሊዝኛ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው።

የኖርማንዲ ሰዎች በ1066 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ (ከዚህም በታች ያለው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) የፈረንሳይ ቋንቋ በቤተ መንግሥትና በፍርድ ቤት ይነገር ነበር። ከዚህ የተነሣ ብዙ የፈረንሳይ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ገቡ። ሩድ የሚለውም ቃል በዚሁ መንገድ በ1300ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ትርጕሙ ያልተማረ፥ ያልተወለወለ፥ ባላገር የሆነ ማለት ነበረ።

ይህን ያላወቀ ተማሪ የቈዩ መጻሕፍትን ሲያነብ ይሰናከላል። በ1611 ዓመት በታተመው በእንግሊዝ ንጉሥ በጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ ስለ ራሱ አነጋገር ሲናገር ሩድ የሚለው ቃል ተጽፏል። ሐዋርያው ባለጌ ነኝ ማለቱ ነውን? አይደለም፤ የንግግር ጥበብ ያልተማርሁ ነኝ ማለቱ ነው። ቶማስ ግሬይ የሚባለውም የእንግሊዝ ባለቅኔ በ1751 ዓመት ባወጣው በታወቀው የመቃብር ቦታ ቅኔው፥ በገጠር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተቀበሩትን አባቶች በዚሁ ቃል ይጠራቸዋል። ቅኔው የተገጠመው እነዚያን ድኾች ገበሬዎች ለማክበር ነው። ቃሉን በዛሬው ትርጕም የሚያነብ ሰው ግን ባለቅኔውን የሙታን ሰዳቢ ያደርገዋል። በ1837 ዓመትም አሜሪካዊው ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን፥ የአገሩ ሰዎች በ1775 ከእንግሊዝ ወታደሮች ጋር የተዋጉበትን የኮንኮርድን የእንጨት ድልድይ ሩድ ብሎታል። ድልድይ ሰውን አይሰድብም፤ ሰላምታም አይነፍግም፤ ብዙ ጥበብ ሳይወጣበት የተሠራ ነው ማለቱ ነው። እስከ ዛሬም እንግሊዞች ጤናው የጠነከረውን ሰው፥ ፊቱ የቀላውን፥ ብርድና ፀሐይ የማይበግረውን፥ በሩድ ጤና ላይ ነው ይሉታል፤ ይህም ምስጋና ነው።

ታዲያ ያልተማረ የሚለው ቃል እንዴት ምግባረ ብልሹ ወደሚለው ዞረ? ቤተ መንግሥትና ከተማ ያሉ ሰዎች የገጠሩን ሰው እያዩ፥ ይህ ከሰው ጋር መቀመጥ አያውቅም፥ መብላት አያውቅም፥ መናገር አያውቅም ይሉ ነበርና ነው። ይህ ነገር በሩድ ብቻ አልቀረም። ቪሌን የሚለው ቃል አስቀድሞ የጌታ እርሻ የሚያርስ ጭሰኛ ማለት ነበረ፤ አሁን ግን ክፉ ሰው፥ ወንጀለኛ ማለት ነው። ቡር የሚለውም በሆላንድ ቋንቋ ገበሬ ማለት ሲሆን በእንግሊዝኛ ጋጠወጥ ማለት ሆነ። የገበሬውን ስም እንዲህ ያጐደፉት ብዕር የያዙት ናቸው። ገበሬው ስንዴውን ሲሰጣቸው ኖረ እንጂ መልስ የሚጽፍበት ብዕር አልነበረውም። በእኛም ከተሞች ባላገር የሚለውን መልካም ቃል ከንፈሩን እያጣመመ የሚናገር ሰው አይታጣምና በእንግሊዞች ብቻ መፍረድ አይገባም።

አማርኛ ግን በአንድ ነገር ከእንግሊዝኛ ተለይቷል። ካህናት ትምህርተ ቤተ ክርስቲያን ያልገባበትን ሰው ጨዋ ይሉታል። ብዙ ርስትና ብዙ አሽከር ያለው ጌታ እንኳ ዳዊት ካልደገመ፥ ዜማ ካልቈጠረ፥ በደብተሮች ፊት ጨዋ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥተን በመንደር ብንጠይቅ ደግሞ፥ ጨዋ ማለት አሳዳጊ ያለው፥ ታላቁን የሚያከብር፥ አፉን የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። እንግሊዞች ያልተማረውን ሰው በዚያው ስሙ ምግባረ ብልሹ አደረጉት፤ አማርኛ ግን ላልተማረውና ምግባር ላለው አንድ ስም ሰጠ። ከሁለቱ አነጋገር የአማርኛው ወደ እውነት ይቀርባል። ፊደል ሳትቈጥር የሸመገለች ባልቴት እንግዳ ሲመጣ ከተቀመጠችበት ትነሣለች፤ ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ ቀና ብሎ እንኳ አያይም።

ዛሬ በእንግሊዝ አገር ሩድ የሚለው ቃል አብዝቶ የሚሰማው በልጆች አስተዳደግ ነው። ልጅ ወደ ሰው በጣቱ ቢጠቍም፥ የሰውን ፊት አፍጥጦ ቢመለከት፥ ሌላው ተናግሮ ሳይጨርስ በንግግሩ ቢገባበት፥ አፉ ምግብ እንደ ሞላ ቢናገር፥ የሰጡትንም ተቀብሎ ታንክ ዩ ሳይል ቢሄድ እናቱ ይህ ሩድ ነው ትለዋለች። ትልልቆችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። በሱቅ ደጅ ወይም አውቶቡስ በሚቆምበት ስፍራ ሰዎች በተራ ተሰልፈው ሳሉ ኋላ የመጣው ከፊት ቢገባ፥ ማንም ባይናገረው እንኳ ሁሉ በልቡ ሩድ ይለዋል። የማያውቁትን ሰው ዕድሜህ ስንት ነው? ደመወዝህስ ስንት ነው? ብሎ መጠየቅም እንዲሁ ነው። ደግሞም ሐፍረት ያለበት ቀልድ ሩድ ቀልድ ይባላል።

ከእነዚህ አንዳንዱ በኢትዮጵያም ነውር ነው፤ አንዳንዱ ግን አይደለም። በኢትዮጵያ መንገደኛ ከመንገደኛ ጋር ሲገናኝ አገርህ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነህ? ስንት ልጆች አሉህ? ቢለው ወዳጅነት ነው እንጂ ድፍረት አይደለም። በሌላ ወገን ደግሞ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫው ያልተነሣ፥ በግራ እጁ የሰጠ ወይም የተቀበለ፥ የቤተ ሰቡን ደኅንነት ሳይጠይቅ ሰላምታውን በአንድ ቃል የቈረጠ ሰው በእኛ ዘንድ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። እንግሊዛዊው ግን ይህን ሁሉ ቢያይ ነውር መሆኑን አያስተውልም።

ከትርጕሙ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው የቃሉ ክብደት ነው። እንግሊዛዊት እናት ሩድ የሚለውን ቃል በቀን ሦስት ጊዜ ለልጇ ብትናገር ልጁ አይደነግጥም፤ ጎረቤትም ዘወር ብሎ አያይም። የሠራኸው ሩድ ነው ማለት ተግሣጽ ነው። አንተ ሩድ ነህ ማለት ግን ከዚያ ይከብዳል፤ የመጀመሪያው ሥራውን፥ ሁለተኛው ሰውየውን ይነካልና። አማርኛ ባለጌ ሲል ግን ሰውየውን ብቻ ነክቶ አይመለስም፤ እስከ ቤቱ ይሄዳል። ባለጌ የተባለ ልጅ አባቱ አልቀጣውም፥ እናቱም አልመከረችውም ማለት ነው። ስድ ማለትም እንዲሁ ነው፤ ስድ ማለት የተለቀቀ፥ ጠባቂ የሌለው ማለት ነውና። (ስድ ንባብ ሲባል ግን ነውር የለበትም፤ በግጥም ያልታሰረ ንባብ ማለት ብቻ ነው። ይህም እንደዚያ እንደ ኮንኮርድ ድልድይ ነው።) ስለዚህ ሩድ የሚለውን ቃል ሁልጊዜ ባለጌ ብሎ የሚተረጕም ሰው፥ ጠጠር ተቀብሎ ቋጥኝ ይወረውራል።

እንዲህ ያለ ነገር በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተደረገ። ዐሥር ዓመት የሆነው አንድ ልጅ ከሩቅ መንደር በእግሩ እየመጣ ይማር ነበር። አንድ ቀን በቀትር ጊዜ ውሃ ጠማውና እንግሊዛዊት ወደ ሆነችው መምህርት ሄደ። ነጠላውን አደግድጎ፥ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። በልቡ ያሰበው፥ ውሃ ይስጡኝ፥ የሚለውን ነበር። ይህንንም ከተማራቸው ጥቂት ቃላት መርጦ ጊቭ ሚ ዎተር አለ። መምህርቲቱም ውሃውን ቀድታ ሰጠችውና በፈገግታ ዶንት ቢ ሩድ አለችው፤ ፕሊዝ እንዲል ፈልጋ ነበር። ልጁ ግን ፕሊዝ የሚባል ቃል መኖሩን ገና አልሰማም። አጠገቡ የቆመውን ታላቅ ተማሪ፥ ምን አለችኝ? ብሎ ጠየቀው። ያም ተማሪ ዕውቀቱ እንዲታይለት ፈጥኖ፥ ባለጌ አትሁን አለችህ፥ አለው። ልጁ ውሃውን ሳይጠጣ ጣሳውን በመሬት ላይ አኖረና ወደ ቤቱ ሄደ።

አባቱ ነገሩን በሰማ ጊዜ በሬዎቹን ከቀንበር ፈትቶ በእርሻው ዳር ተቀመጠ። ከብዙ ዝምታም በኋላ፥ እኔ ልጄን መክሬ፥ ቀጥቼም አሳድጌዋለሁ፤ ባለጌ ካሉት የሰደቡት እኔን ነው፤ ከእንግዲህ ወደዚያ አይሄድም፥ አለ። ሚስቱም ብትለምነው አልሰማም። ልጁ ደብተሩንና እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልሎ በግድግዳው ላይ ሰቀለ፤ ከብት ሊጠብቅም ወጣ።

በአራተኛው ቀን የአማርኛው መምህር ልጁ የቀረበትን ምክንያት ከተማሪዎች ሰምቶ ለእንግሊዛዊቱ ነገራት። እርስዋም ባለጌ የሚለው ቃል በአማርኛ ምን ያህል እንደሚከብድ ባወቀች ጊዜ ፊቷ ቀላ። ከትምህርት በኋላም ሁለቱ አብረው ወደ ልጁ መንደር በእግራቸው ሄዱ።

አባትዮው ቢቀየምም እንግዳ ከደጁ አይመልስምና ኖር ብሎ ተቀበላቸው። አጐዛ ተነጠፈ፤ ቡናም ተፈላ። እናቲቱ አቦሉን ቀድታ በሁለት እጇ ስትሰጣት፥ መምህርቲቱ በቀኝ እጇ መጽሐፍ ይዛ ነበርና ስኒውን በግራ እጇ ተቀበለች። እናቲቱ ዐይኗን ወደ መሬት ጣለች። አቦሉንም ጠጥታ እንደ ጨረሰች፥ ጊዜያቸውን እንዳላባክንባቸው ብላ ልትሄድ ተነሣች። በአገርዋ እንግዳ ሰውን ብዙ እንዳያስቸግር ቶሎ መሄዱ ምግባር ነው። በዚያ ቤት ግን ቶናውና በረካው ገና በጀበና ውስጥ ነበሩ። አባትዮው መምህሩን አየው፤ መምህሩም አባትዮውን አየው። መምህሩ፥ ይቀመጡ፤ ቡናው ገና አላለቀም፥ አላትና የግራ እጅን ነገር ጨምሮ በጆሮዋ ነገራት። እርስዋም ደንግጣ ተቀመጠች፤ ስኒውንም በሁለት እጅዋ ያዘች።

በዚያን ጊዜ መምህሩ ለአባትዮው ሩድ የሚለውን ቃል ፈታለት፤ ያልተጠረበ እንጨት ማለት እንደ ነበረ፥ ዛሬም በአገርዋ ቀላል ተግሣጽ እንደ ሆነ አስረዳው። አባትዮው አገጩን ይዞ ሲያስብ ቈየና፥ ጠፍ መሬት ክፉ መሬት አይደለም፤ ማረሻ አልገባበትም እንጂ፤ ልጄ በእርስዎ ቋንቋ ጠፍ ነው፤ እርስዎም በእኔ ቤት ጠፍ ነዎት፥ አላት። መምህሩ ይህን ሊተረጕም ፈራ። ሩድ ብሎ ሊናገረው ሆነ፤ ይህ ቃል ግን እንደ ገና ጠብ እንዳያመጣ ሠጋ። በመጨረሻም ገና ያልታረሰ መሬት ብሎ እንዳለ ተረጐመላት። እርስዋም ሳቀች፤ በረካውንም ጠጥታ ተመርቃ ሄደች። በማግሥቱ ልጁ ደብተሩን ከግድግዳው አወረደ። መምህርቲቱም ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ተማሪዎች ጊቭ ከማለት አስቀድማ ፕሊዝ ማለትን ታስተምር ጀመር።

ልጁ የበደለው ነገር አልነበረም። አማርኛ ይስጡኝ ሲል ልመናውም አክብሮቱም በግሡ ውስጥ ናቸው፤ እባክዎን ባይጨመርም ጐደሎ አይሆንም። እንግሊዝኛው ጊቭ ግን ለጌታም ለሎሌም አንድ ነው። ልጁ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር አክብሮቱ እንደ ደረቅ ቅጠል በመንገድ ላይ ረገፈ፤ እርሱም አልታወቀውም።

የእንግሊዝ ቋንቋ እንዲህ የሆነው ከጥንት አይደለም። ቀድሞ እንግሊዞችም ዛው የሚል አንተ፥ ዩ የሚል አንቱ ነበራቸው። ታላቁን ዛው ማለት ስድብ ነበረ። ሰር ዋልተር ሮሊ የሚባለው መኰንን በ1603 ዓመት በዊንቸስተር ከተማ በንጉሡ ላይ አሢረሃል ተብሎ ፍርድ ፊት በቀረበ ጊዜ፥ የንጉሡ ጠበቃ ኤድዋርድ ኮክ ሊያዋርደው ፈልጎ ዛው እያለ ጮኸበት። አማርኛ የሚያውቅ ልጅ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ የከበረን ሽማግሌ በአደባባይ አንተ ማለት ምን እንደ ሆነ ያውቃልና።

ከዚያም ከ1650 ዓመት ወዲህ ጆርጅ ፎክስና ባልንጀሮቹ፥ ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች፥ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው ብለው ዳኛውንም መኰንኑንም ዛው ይሉ ጀመር። ባርኔጣቸውንም ለማንም አላወልቅ አሉ። ሰዎችም ይህን እንደ ታላቅ ብልግና ቈጥረው ደበደቧቸው፤ ብዙዎቹም ታሰሩ። ኩዌከሮች ሁሉን አንተ በማለት እኩል ለማድረግ ሲደክሙ፥ የቀረው ሕዝብ ሰውን እንዳያስቀይም እየፈራ ሁሉን አንቱ ማለትን ለመደ። ዛውም ከጥቂት የገጠር አገሮች በቀር ከዕለት ንግግር ጠፋ። ዛሬ እንግሊዛዊ ንጉሡን ዩ ይላል፤ ለማኙንም ዩ ይላል፤ ውሻውን እንኳ ዩ ይለዋል። አንቱታ ለውሻ ከተሰጠ በኋላ ለሰው የሚሆን ሌላ የአክብሮት ምልክት መፈለግ ግድ ነበረ። ፕሊዝ፥ ታንክ ዩ፥ ሶሪ የሚሉት ቃላት በእንግሊዝ አፍ ላይ የበዙት ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ዛው የሚለው ቃል ግን በቈየው ጸሎት ውስጥ ቀረ። የዛሬ እንግሊዞች በጸሎትና በጥንት ቅኔ ብቻ ስለሚሰሙት፥ ብዙዎቹ ከዩ የበለጠ የክብር መጥሪያ ይመስላቸዋል፤ ቀድሞ ለቅርብ ወዳጅና ለታናሽ የሚነገር እንደ ነበረ አያውቁም። በአማርኛም እንዲሁ ነው። ቀን በአደባባይ ዳኛውን እርስዎ ሲል የዋለ ሰው፥ ማታ በጸሎቱ ጊዜ ፈጣሪውን አንተ ይለዋል፤ ይህንንም ብልግና ነው ያለ የለም።